ከወሎ ሰፈር ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ የታኅሣሥ ብርድና አንዲት ካያክ

ይህን የምጽፈው ጀልባ ላይ ወጥተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይወጡ ሰዎች ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብዬ ካርታ ስሠራ፣ ሐይቅ ለእኔ ሰማያዊ ቀለም የምሞላው ክፍት ቦታ ነበር። ብርድ እንዳለው አስቤ አላውቅም። ቆንጆ ቆንጆ ቦታ የሚዘረዘርበት ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ካለ ከአሁኑ ይተወው። እኔ የምጽፈው ስለ ብርድ ነው፤ ሌላ ነገር ብዙም አላየሁም።

ማክሰኞ

ከቤት የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሱራፌል። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ከእናታችን ጋር ወሎ ሰፈር ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሱራፌል ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የኮምፒውተር መስመር ይዘረጋል። ቤቱ ከፈረሰ ጀምሮ ልጁ ልጅ አልሆነም። ከሥራ ይመጣል፣ ይተኛል፣ በቃ። እማዬ ሳህን ይዛ አጠገቡ ትቆማለች፣ እሱ ግድግዳ ያያል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ድንገት «ሐይቅ ሄጄ ዓሣ ላጥምድ» ሲል እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልጇ አንድ ነገር ፈለገ!

ካያኳን የሰጠው የቀድሞ አለቃው ነው፤ ፈረንጅ ነበር፣ ወደ አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ። ካያክ ማለት አንድ ሰው ብቻ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ናት። የሱራፌል ቢጫ ናት። ስድስት ወር ሳሎናችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም እማዬ ነጠላ ታሰጣባት ነበር። ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬትም አብሮ ነበረ፤ እሱን ሱራፌል ትራስ አድርጎት ነበር።

እኔ የሄድኩት ዓሣ ወድጄ አይደለም። እማዬ በር ላይ እጄን ይዛ፣ «ይዘሽው ሂጂ፣ ይዘሽው ነይ» ስላለችኝ ነው። ወፍራሙን ጋቢ አጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችውም እሷ ናት። «ውሃ ዳር ይበርዳል» አለች። እኔም አመሰገንኳት።

ላምበረት መናኸሪያ ካያኳን ፖርቶ መጋላ ላይ ለማስጫን ጭቅጭቅ ነበር። ረዳቱ ዞሮ ዞሮ አያት።

«ይሄ ምንድን ነው? የገላ መታጠቢያ?»

«ጀልባ ናት ወንድሜ፣ ቀስ በሏት» አለ ሱራፌል።

«ጀልባ በአውቶቡስ! ቆይ፣ አውቶቡሱ ቢበላሽ በእሷ ልትሄዱ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሱራፌልም ሳቀ። ስንት ወሩ ነው ሲስቅ ካየሁት? ረዳቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አውቶቡሱ ለቁርስ ቆመ። የአዲስ አበባ ሰው «በረደኝ» ሲል ይዋሻል፤ ያን ዕለት ነው የገባኝ። ካዛንቺስ እያለን ጠዋት ጠዋት ሹራብ ደርበን «ወይ ብርድ!» የምንለው ለጨዋታ ነበር ማለት ነው። እዚያ የመስታወቱ ጤዛ ሳይቀር ጠጥሯል። ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ በዳቦ ሲል ሱራፌል ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ አንድ ሻይ ብቻ።»

«ጾም ነው።»

የነቢያት ጾም ነው፤ እኛ ቤት እስከ ስድስት ሰዓት እህልም ውሃም የለም። እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። እኔ በዚህ ጉዳይ ደረቅ ነኝ፤ ሲነግሩኝ የኖሩትን አሁን ራሴ እጽፈዋለሁ።

ጣርማበርን አልፈን ሸዋሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ ልብስ አስወለቀን፤ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ስንወጣ መልሰን ለበስን። ደሴ በጭጋግ ውስጥ ተቀበለችን። ያረፍንበት ፔንሲዮን ሙቅ ውሃ የለውም። የእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ግን ስንንቀጠቀጥ አይታ ውሃ አፈላች፣ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልን። «እግራችሁ ስር ሳይሆን ብብታችሁና ሆዳችሁ ላይ አድርጉት፤ እግር ኋላ ይሞቃል» አለችን። አዲስ አበባ ብዙ ሆቴል አድሬያለሁ፣ እንዲህ ያደረገልኝ የለም። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ ቅርብ ነው፤ ካያኳን ሚኒባስ ላይ ጭነን ረፋዱ ላይ ደረስን። ጋሽ ሰይድ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ሱራፌል ባለፈው ዓመት ለሥራ ደሴ ሲመጣ ነው የተዋወቁት። ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሆቴል እናድራለን አልናቸው፣ ተቆጡ።

«ኧረ በአላህ! ደጄ ደርሳችሁ? ዘሀራ ምን ትለኛለች?»

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ በዕለቱ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። እኛ ካዛንቺስ እያለን እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ነበር የምናነጥፍለት፤ አሁን ወሎ ሰፈር ፍራሹን የምናነጥፍበትም ወለል የለንም።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ጋሽ ሰይድ ካያኳን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ ውሃ ላይ ገፋ አድርገው አወዛወዟት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፈጣን ናት። ግን ለመገልበጥም ፈጣን ናት» አሉ። ከዚያ ሱራፌልን ትከሻውን ይዘው ነገሩት፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ከሸምበቆው አትለፍ። ነፋስ ሲነሳ አትከራከረው፣ ቶሎ ውጣ። ጥጥ ለብሰህ አትግባ፤ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ አይለቅህም። የሱፍ ሹራብ ልበስ። የሚደረበው እዚህ ዳር ይቀመጥ፣ ስትወጣ ትለብሰዋለህ። ያቺን ብርቱካን ልብስህን ደግሞ ከላይ አድርጋት፣ ከሩቅ እንድትታየኝ።»

ሱራፌል የጋሽ ሰይድን ሹራብ ተውሶ ገባ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሦስት ቆሮሶ ይዞ ወጣ። አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቷል። «እታለም፣ ማለቴ፣ አየሽኝ? አየሽኝ አይደል?» እያለ ዓሦቹን ፊቴ ላይ ያወዛውዛል። ለእማዬ ደውሎ በስልክ ዓሣ ሊያሳያት ሲታገል፣ እማዬ ጣሪያና ጆሮውን ብቻ እያየች ትስቅ ነበር። ያን ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎኛል። ደስ እንዳለኝ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላ የለኝም።

ሐሙስ

ሲነጋ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጋሽ ሰይድ ማታ የጣሉትን መረብ ሊያነሡ ወዲያ ማዶ ሄደው ነበር። ሲወጡ «እስክመለስ ጠብቁኝ» ብለውናል። እትዬ ዘሀራ በዘይት የተሠራ ቂንጬና ትኩስ ሻይ አቀረቡ። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፤ የእኛን ጾም አስበው ነው የሠሩት።

«እስከ ስድስት ሰዓት አይበላም» አልኳቸው።

«ውሃ ላይ ለሚወጣ ሰው? ባዶ ሆድ እኮ እሳት የለውም የኔ ልጅ።»

«ይችለዋል።»

ሱራፌል ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሣ። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ጋሽ ሰይድን ሳንጠብቅ ወደ ውሃው ወረድን። እሱ ቸኮለ፣ እኔም አልከለከልኩትም፤ ደስታው እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው። የተዋሰው ሹራብ ከትናንት እርጥብ ነበር፣ ስለዚህ በቲሸርት ላይ ላይፍ ጃኬቱን አጠለቀ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። እኔ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ጋቢውን ከሻንጣ አወጣሁ።

«እታለም፣ ጋሽ ሰይድ እኮ...»

«ጋሽ ሰይድ የለመዱት ናቸው! አንተ የካዛንቺስ ልጅ ነህ፣ ሳንባህን ልትመታ ነው?»

በላይፍ ጃኬቱ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለልኩት፤ ጫፉ እንዳይወርድ ከኋላ ቋጠርኩለት። ብርቱካኑ ጃኬት ጠፋ፣ ሁለመናው ነጭ ሆነ። ሕፃን እያለ ትምህርት ቤት ስልከው ኮሌታውን አስተካክልለት እንደነበረው፣ ጋቢውን አንገቱ ላይ አስተካከልኩለት። ሄደ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሸምበቆው ወዲህ ነበረ። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር መንጠቆው ላይ ያዘና ሲጎትተው ሲጎትተው ከሸምበቆው አለፈ። ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ እጁን አወዛወዘልኝ። ነፋሱ የተነሣው ያኔ ነው። ስታዲየም ጋ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ታክሲ ሲመጣ ሰው ድንገት እንደሚገፋው ገፋኝ፤ ከየት እንደመጣ አላወቅኩም። ጭጋጉ ተበተነ፣ ውሃው ነጭ በነጭ ሆነ። ቢጫዋ ካያክ ጎኗን ሰጠች፣ ከዚያ ሆዷ ወደ ላይ ሆኖ ታየኝ።

ዋና አልችልም። እዚያ ዳር ሆኜ ከመጮህ በቀር ምንም አልሠራሁም። የሰፈሩ ሰዎች ወጡ፣ ሁለት ታንኳ ገባ፣ ጋሽ ሰይድም ጩኸቱን ሰምተው ከማዶ እየቀዘፉ መጡ። ግን ማን ይየው? የማዕበሉ አረፋ ነጭ፣ ጋቢው ነጭ። በአጠገቡ ሁለት ጊዜ እንዳለፉ ጋሽ ሰይድ ኋላ ነገሩኝ። «ብርቱካኗን እፈልግ ነበር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሲያገኙት ከአንድ ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ቆይቷል። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ ይይዘዋል፣ ጋቢው ወደ ታች።

በሕይወት ነው ያወጡት! ዓይኑ ክፍት ነው፣ ይናገራል። «ዓሣዋ አመለጠችኝ» አለኝ። ምላሱ ተሳስሯል፣ ግን ይናገራል። መንቀጥቀጡም ቆሞ ነበር። እኔ ሞኟ ተሻለው ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ አስተኝተው እርጥቡን ልብስ በቢላ ቀደዱለት። «አታንቀሳቅሱት፣ ተኝቶ ይቆይ፣ ደረቅ ነገር አልብሱት፣ ሰው አብሮት ይተኛ» ይላሉ። እኔ ማንን ልስማ! «ሐኪም ቤት! ሐኪም ቤት!» ነው የምለው። ሁለት ሰው በብብቱ ገብቶ እንዲያቆመው ያደረግኩ እኔ ነኝ። ደም ይዘዋወር ብዬ እግሩን ያሸሁ፣ ያራመድኩት እኔ ነኝ። አንዱ አረቄ ሰጠኝ፤ ጾሙን ረስቼ በገዛ እጄ አጠጣሁት። እስከ አስፋልቱ ድረስ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።

ባጃጅ ውስጥ ራሱን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«እታለም፣ ሞቀኝ» አለ።

«ተመስገን!» አልኩ። እንዲያውም ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግኩለት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አልፏል። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። በጣም የበረደው ሰው ሲቆምና ሲራመድ ቀዝቃዛው ደም ልብ ላይ ይገባል፤ አረቄ ሙቀቱን ያስወጣል፤ ማሸትም አይጠቅምም። መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ሰውየው «ሞቀኝ» ሲል ነው መፍራት። ጋሽ ሰይድ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ሐኪሙ «ባለማወቅ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ» አለኝ። ይህን የሚለው ለሁሉም ሰው ይመስለኛል።

አሁን ልጆቹ ሁሉ ካያክ ምናምን እያሉ ወደ ሐይቅ ይሄዳሉ አሉ። እንግዲህ ስሙኝ፦ ብሉና ግቡ። ጾሙን የሰጠ አምላክ ይረዳችኋል። ሱፍ ልበሱ፣ ጋቢውን ዳር ተዉት፣ ቢጫና ብርቱካን ነገር ከላይ ይሁን። የአገሩን ሰው ስሙ። ለምትወዱት ሰው ስትሰስቱ ደግሞ እጃችሁን ያዙ።

ዓርብ

እትዬ ዘሀራ ሌሊቱን አብረውኝ ተቀምጠው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ሲሉኝ አደሩ። አስከሬኑን የሚጭን ሚኒባስ ተገኘ። ጋሽ ሰይድ ብቻዬን እንድሄድ እሺ አላሉም። አዲስ አበባን አይተው አያውቁም፤ ኩታቸውን አጣፍተው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ከእሱ ጋር።

አገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም። የደወልኩት ለካዛንቺሱ እድራችን ዳኛ ለአቶ ግርማ ብቻ ነው። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። አስከሬኑ ማታ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። አንቺም ጎረቤት ታድሪያለሽ። ጎህ ሲቀድ አብረን እንገባለን» አሉኝ። እማዬ ደም ግፊት አለባት፤ ብቻዋን ሳለች ሰምታ ብትወድቅስ? ስለዚህ መንገዱን ሙሉ መዋሸት ነበረብኝ።

ኮምቦልቻ ላይ ደወለች።

«መጣችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን እማዬ።»

«እስቲ እሱን ስጪኝ።»

«ተኝቷል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ «እንግዲያው አትቀስቅሺው» አለች።

ሸዋሮቢት ላይ ደግማ ደወለች። «አንቺ በልተሻል?» አለች። በልቻለሁ አልኳት። ስለ እሱ አልጠየቀችም፤ እኔም ተመስገን አልኩ። ጣርማበር ዳገት ላይ ጭጋግ ነበር፤ መኪናው እየተንፏቀቀ ነው የወጣው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እንደገና ስልኩ ጠራ።

«ዳገቱን አለፋችሁ?»

«አለፍን።»

«ሹፌሩ አይቸኩል በይው። ብርድ ነው?»

«በጣም።»

«ደርበሽለታል?»

የሳጥኑ ክዳን ላይ እጄን አድርጌ ነበር። «ደርቤለታለሁ» አልኳት። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ተሰበሰብን። ካዛንቺስ ሲፈርስ የተበተኑት ጎረቤቶቻችን በሙሉ መጥተዋል፤ ስንቱ ከከተማው ዳር ድረስ ታክሲ እየቀያየረ። ድሮ ቢሆን በራቸውን ከፍተው ብቻ ነበር የሚወጡት። ወደ መስቀል አደባባይ የሚሮጡ ስፖርተኞች በአጠገባችን ሲያልፉ ነጠላ ያዘቀዘቁትን አይተው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አቶ ግርማ ከፊት፣ ጋሽ ሰይድ ከጎኔ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ወደ በሩ ሄድን።

በሩ ክፍት ነበር። እማዬ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቲቪውን ሁሉ ወደ ጓዳ አስገብታዋለች። ፍራሾቹ ግድግዳ ግድግዳውን ተነጥፈዋል። ለለቅሶተኛ።

አቶ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ አስካለ፣ እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ...»

«አትድከም ግርማ» አለች እማዬ።

ሁሉም ባለበት ቆመ። እኔ እግሯ ስር ወደቅኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከኮምቦልቻ። ሱራፌል መኪና ላይ ተኝቶ ያውቃል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ? ለምን ደጋግመሽ ትደውይ ነበር?»

ፀጉሬን ይዛ ፊቴን ወደ ላይ አቃናችው። እጇ በረዶ ነበር።

«አንቺ ገደል ላይ ነበርሻ። ጮኼ ብትሰሚኝ ምን ልትሆኚብኝ? እሱ እንደሆነ ሄዷል፤ አንቺ እስክትገቢ ብዬ ነው።»

ዓይኗን ወደ በሩ አነሣች፤ እንደገባሁ፣ በሙሉ እንደገባሁ ያረጋገጠች መሰለኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና ጮኸች።